የካባው ግድግዳ ለምን ይናዳል?

በቦሌ፣ በየካና ከሁለቱ ተቆርሶ በተመሠረተው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተሠሩትን ቤቶችና መንገዶች ያቆመው ድንጋይ ብዙው ከዚያው ከከተማዋ ዳርቻ የወጣ ነው። የመሠረት ድንጋዩ፣ የአጥሩ ጥርብ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን፣ ለኮንክሪት የሚፈጨው ጠጠር ሁሉም ከካባ ይጀምራል። ካባው በተቆፈረ ቁጥር ከኋላው ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ይተዋል። ከገደሉ ሥር ድንጋይ ፈላጩ መዶሻውንና ድጅኖውን ይዞ ይውላል፤ ሲኖትራኩ ቆሞ ይጫናል፤ አፋፉ ላይ ደግሞ ቤት እየተጠጋ ይመጣል።

ግድግዳው አንድ ቀን ሲናድ ብዙ ጊዜ «ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ይታለፋል። ጂኦሎጂስት ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ታሪክ ግን ረጅም ነው። ድንጋዩ የሚላቀቅበት ስንጥቅ ከሰው በፊት የነበረ ነው፤ ቁፋሮው መደገፊያውን የነጠቀው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ነው፤ አፋፉ ላይ ያለው መሬት መከፈት የጀመረውም ቀደም ብሎ ነው። የመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ናት ድንገተኛ። ይህ ጽሑፍ ያ ረጅም ታሪክ እንዴት እንደሚነበብ፣ በተለይም ሰው ሳይሞት በፊት እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ያስረዳል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ አዲስ አበባ ምን ላይ እንደተቀመጠች ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናት። በሰሜን ያለው እንጦጦ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ክምር ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወረድ፣ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የረር ተራራ አቅጣጫ፣ ድንጋዩ በዕድሜ ያንሳል። እዚህ የሚገኘው በአንድ በኩል ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ ፈስሶ የቀዘቀዘ ላቫ። በሌላ በኩል ኢግኒምብራይት አለ፤ ይህ ደግሞ እየጋለ የተዘረገፈ አመድና ጋዝ መሬት ላይ ሲያርፍ ተጋግሮ የተሠራ፣ ቀለል ያለና ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ነው።

ታዲያ እነዚህ ድንጋዮች በአንድ ጊዜ አልመጡም። በአንዱ ፍንዳታና በሚቀጥለው መካከል እጅግ ረጅም ዘመን አልፏል። በዚያ ዘመን የላይኛው ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ በስብሶ አፈር ሆነ፤ ከዚያ አዲስ ላቫ መጥቶ አፈሩን ከነሙቀቱ ሸፈነው። ዛሬ በካባ ግድግዳ ላይ በሁለት ጠንካራ ድንጋዮች መካከል ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ቀጭን መስመር ካዩ የተቀበረ አፈር ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቆንጥሮ በውኃ አርሶ በጣት ማሸት ነው፤ እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሸክላ አለበት። ከዚያ መስመር በላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የተቀመጠው በዚያ ሸክላ ላይ ነው።

ላቫም ሆነ ኢግኒምብራይት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። በብዙ ካባዎች ድንጋዩ እንደ ዓምድ ተደርድሮ ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ስምጥ ሸለቆው ምድሩን ሲለጥጠው የኖረበት ዘመን አለ፤ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱ ስንጥቆችና ስብራቶች ከዚያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ድንጋይ ፈላጩ ካባው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው አንድ ወጥ ዐለት ሳይሆን ሳይላቀቁ ተገጣጥመው የቆሙ ብሎኮችን ነው። ሥራው የሚቀልለትም በዚህ ነው፤ ስንጥቁን ተከትሎ ይፈልጣል። የሚገድለውም ይኸው ስንጥቅ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደውን ስሕተት ማንሳት ግድ ይላል፤ «ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አይናድም» የሚለውን። ያልበሰበሰ የባዛልት ቁራጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲጨመቅ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ሺሕ ኪሎ በላይ ሊሸከም ይችላል። በዚህ ስሌት የሃያ ሜትር ገደል የገዛ ክብደቱን መሸከም ቀላሉ ነው። ናዳ ግን ድንጋዩን ጨፍልቆ አይመጣም፤ በስንጥቁ ላይ አንሸራትቶ ነው የሚያወርደው። የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጥናት፣ በጠንካራ ድንጋይ ላይ የተቆረጠ ገደል መቆም አለመቆሙን የሚወስኑት የስንጥቆቹ አቀማመጥና በውስጣቸው ያለው ውኃ መሆናቸውን አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የድንጋይ ገደል ምርመራ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አቀማመጥ ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ስንጥቁ ስንት ዲግሪ አዘንብሏል? ያዘነበለውስ ወደየት ነው? ጂኦሎጂስቱ ኮምፓሱን ከስንጥቁ ገጽ ላይ አስደግፎ ሁለቱንም ይለካል። አንድ ስንጥቅ ብቻ ለክቶ አይመለስም፤ በግድግዳው ርዝመት ሜትር ዘርግቶ ሜትሩን የሚያቋርጡትን ሁሉ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ቁጥሮቹ በአንድ ክብ ሥዕል ላይ ሲሰፍሩ ስንጥቆቹ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ሆነው ይለያሉ። ከዚያ የግድግዳው አቅጣጫ በሥዕሉ ላይ ይሰመርና አደጋው ይታያል። ስንጥቁ ወደ ካባው ጉድጓድ አዘንብሎ ግድግዳው ላይ ብቅ ካለ፣ በላዩ ያለው ድንጋይ እንዳለ ሊንሸራተት ይችላል። ሁለት ስንጥቆች ተገናኝተው ሽብልቅ ከሠሩ ሽብልቁ ተነቅሎ ይወጣል። ቀጥ ብለው የቆሙ ዓምዶች በትንሹ ወደ ጉድጓዱ ካዘነበሉ ወይም ሥራቸው ከተበላ ወደ ፊት ይገለበጣሉ።

በዚህ የተነሳ በአንድ ካባ ውስጥ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ሰው ሊገድል ሲችል በምዕራብ በኩል ያለው፣ ያው ድንጋይ ሆኖ፣ ያው ከፍታ ሆኖ፣ ዓመታት ሊቆም ይችላል። በምዕራቡ ግድግዳ ስንጥቁ ወደ ተራራው ውስጥ ያዘነብላልና። ካባ የሚከፍት ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳይጨምር የቁፋሮውን አቅጣጫ በማዞር ብቻ ሕይወት ያተርፋል። በእኔ እምነት ከምርመራው ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ደግሞም የሚጠይቀው ኮምፓስ፣ ሜትር፣ ደብተርና የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ትንሽ ስሌት እንይ። አንድ ስንጥቅ ወደ ጉድጓዱ በ30 ዲግሪ አዘንብሏል እንበል። ሸካራና ደረቅ የድንጋይ ገጽ በሰበቃ ብቻ እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ሊይዝ ይችላል። የሚይዘውን ኃይል ለሚጎትተው ስናካፍል 1.2 ይመጣል። ከ1 በላይ ስለሆነ ድንጋዩ ይቆማል፤ መሐንዲሶች ይህን ቁጥር የደኅንነት መጠን ይሉታል። አሁን ስንጥቁ በእርጥብ ሸክላ ተሞልቶ ሰበቃው ወደ 20 ዲግሪ ወረደ እንበል። ቁጥሩ 0.6 ይሆናል። ግድግዳው አልተነካም፣ ድንጋዩም አልተለወጠም፤ ግን ከእንግዲህ የሚይዘው የለም።

ውኃ ሸክላውን ከማለስለስ ሌላም ያደርጋል። በአፋፉ ላይ በተከፈተ ስንጥቅ ውስጥ ሲጠራቀም ድንጋዩን ወደ ውጭ ይገፋል። አራት ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በውኃ ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር ላይ ስምንት ቶን ያህል ይገፋል። ስንጥቁ ስምንት ሜትር ቢሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 32 ቶን ይደርሳል። በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በቦሌ በኩል ብዙ ቦታ ድንጋዩን የሚሸፍነው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹ የክረምት ዝናቦች በዚያ ስንጥቅ በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ የግድግዳው ፈተና የሚጀምረው ገና በክረምቱ መግቢያ ነው።

የሰው ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ካባ በትክክል ሲሠራ ከላይ ወደ ታች፣ በደረጃ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ የላዩ አፈር ይነሳል፤ ከዚያ አንዱ እርከን ተፈልጦ ሳያልቅ ወደ ሚቀጥለው አይወረድም፤ ከእርከን እርከን የሚወድቀውን ድንጋይ የሚይዝ ሜዳ ይተዋል። አፈር ማንሳት ግን ወጪ ነው እንጂ ገቢ የለውም። በማኅበር ተደራጅተው፣ ወይም በጫኑት መኪና ልክ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ወጣቶች ከዛሬ ገቢ ላይ ቀንሰው የነገን ደረጃ ይቁረጡ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ከሥር ይገባሉ። የለሰለሰውን ንብርብር ቆፍረው ያወጡና የላዩ ድንጋይ በራሱ ክብደት እንዲወርድላቸው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ጊዜ በጠበቁት ሰዓት ይወርዳል። ድማሚት የሚተኮስበት ካባ ከሆነ ደግሞ ያልተመጠነ ፍንዳታ ሊወጣ ከታሰበው ድንጋይ አልፎ የሚቀረውን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል፤ ተሰነጣጥቆ የቀረው ግድግዳ በማግስቱ ሰው ይሠራበታል።

ከሥር ቆፍሮ መግባት ምን እንደሚያስከትል በጂኦሎጂ ታሪክ ውስጥ በደንብ ከተመዘገቡት ጉዳዮች አንዱ በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ያለው የኤልም መንደር ነው። መንደሩ አጠገብ ለትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚሆን ጥቁር ስስ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። ዓመታት ሙሉ ከተራራው ሥር ወደ ውስጥ እየገቡ ሲቆፍሩ፣ ከካባው በላይ ባለው ደን ውስጥ ስንጥቅ ተከፈተ፤ እያደርም ሰፋ። ድንጋይ እየወደቀ ስላስቸገረ ሥራው ቆመ፤ ባለሥልጣናት መጥተው አዩና አጣዳፊ አደጋ የለም ብለው ተመለሱ። በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1881፣ የተራራው አንዱ ጎን ወረደ። ሰው ለማየትና ለመርዳት ወጣ። ከደቂቃዎች በኋላ ሁለተኛው ጎን ተከተለ። ከዚያ በሁለቱ መካከል የቀረው ትልቁ ክፍል በአንድ ጊዜ ተላቆ ወደ አሥር ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ድንጋይ ሸለቆውን ሸፈነው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አልበርት ሃይም የተባለው ጂኦሎጂስት ወዲያው ቦታው ላይ ደርሶ የተላቀቀበትን ገጽ፣ የተጓዘበትን መንገድና በሕይወት የተረፉትን ሰዎች ምስክርነት አንድ ላይ መዘገበ። የናዳ ምርመራ ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራል።

አንድ የካባ ግድግዳ ምሥራቅ አዲስ አበባ ላይ ቢናድ ምርመራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ማንም ወደ ሥሩ አይጠጋም፤ የሚቀረው ግድግዳ መደገፊያውን አጥቷልና። ፎቶው ከሩቅ ወይም በድሮን ይነሳል፤ ከፎቶዎቹ የግድግዳው ቅርጽ በኮምፒውተር ይሠራና ስንት ሜትር ኩብ እንደወረደ ይሰላል። የአንድ ሜትር ኩብ ባዛልት ክብደት ከ2.7 እስከ 2.9 ቶን ነው። ስለዚህ በየጎኑ ሁለት ሜትር የሆነ አንድ ብሎክ ብቻውን ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የተጫነ ሲኖትራክ ከሚሸከመው ብዙም አያንስም።

ቀጥሎ የቀረው ጠባሳ ይነበባል። ይህ ከሥራው ሁሉ የሚመስጠው ክፍል ነው። ድንጋዩ የተላቀቀበት ገጽ ቡናማ ወይም ዝገት የመሰለ ቀለም ካለው፣ የሣር ሥር ከተጣበቀበት፣ ሸክላ ከተለሰነበት፣ ያ ስንጥቅ ለረጅም ዘመን ውኃና አየር ሲገባበት የኖረ ነው። ከመካከሉ ግን ቀለሙ ያልጠፋ፣ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ስለታም የሆነ ገጽ ይገኛል፤ ያ ድንጋዩን እስከ መጨረሻው ይዞ የነበረውና በመጨረሻ የተሰበረው ቦታ ነው። የድሮው ገጽ እጅግ ሰፍቶ የአዲሱ ስብራት ጥቂት ከሆነ፣ ግድግዳው በቀጭን ነገር ተይዞ ነበር የቆመው ማለት ነው። በሸክላው ላይ የቀሩ ጭረቶች ካሉ ደግሞ ድንጋዩ በየት አቅጣጫ እንደተንሸራተተ በዲግሪ ይለካል።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ይኬዳል። ጠጠር መውደቅ የጀመረው መቼ ነው? ግድግዳው ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር? በዚያ ሳምንት ድማሚት ተተኩሷል? አፋፉ ላይ አፈር ተከምሮ፣ መኪና ቆሞ ነበር? ልምድ ያለው ድንጋይ ፈላጭ የሚሰጠው መልስ ከመሣሪያ አያንስም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በድጅኖው ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ያውቃል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ድንጋይ ከዐለቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባዶ ዕቃ እንደተመታ የሚያስተጋባ ድምፅ ያለው ከኋላው ተላቋል። የዝናቡ መጠን ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይወሰዳል። የመሬት መንቀጥቀጥ ካለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች መዝገብ ይታያል። በመጨረሻ ስሌቱ ወደ ኋላ ይሠራል፤ ግድግዳው በወደቀባት ቅጽበት የደኅንነት መጠኑ 1 ነበር ብሎ በመነሳት፣ ስንጥቁ የነበረው ጥንካሬና የውኃው ከፍታ ይገመታል። ያ ቁጥር ገና ላልተናደው የጎረቤት ግድግዳ ይውላል።

ምርመራው ምክንያትንና ቀስቃሽን መለየት አለበት። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው በሬክተር መለኪያ 5.7 የሚደርስ ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ግድግዳ ቢናድ ርዕደ መሬቱ ቀሰቀሰው ይባል ይሆናል፤ ዝናብም እንዲሁ። ግን በዚያው ዝናብና በዚያው ንዝረት ሌሎች ግድግዳዎች ቆመዋል። «ዝናብ ነው ያፈረሰው» ተብሎ የሚዘጋ ሪፖርት ከሥር የተቆፈረውን፣ ያልተነሳውን አፈር፣ ያልተቆረጠውን ደረጃ ሁሉ ይሸፍናል። እንዲህ ያለው ሪፖርት ለሟች ቤተሰብም፣ ነገ እዚያው ለሚሠራውም አይጠቅምም።

አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻል የሚያሳየው ትልቁ ምሳሌ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለው የቢንግሃም ካንየን የመዳብ ማዕድን ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2005 ዓ.ም ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ በሁለት ናዳ ወረደ። አንድም ሰው አልሞተም። ግድግዳው ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ራዳር አስቀድሞ ለክቶት ስለነበር ሠራተኞቹ ከናዳው በፊት ወጥተው ነበር። የእኛ ካባዎች ራዳር አይገዙ ይሆናል። ነገር ግን በአፋፉ ላይ በታየ ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት ብረት ተክሎ ርቀቱን በየጠዋቱ በሜትር መለካትና መመዝገብ ማንም ይችላል። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው፤ በሳምንት አንድ ሚሊ ሜትር ሲከፈት የነበረ ስንጥቅ በቀን አንድ፣ ከዚያ በቀን ሦስት መከፈት ከጀመረ ሰው ይውጣ። ልኬቱ የሚወሰደው ግን ከላይ፣ ከስንጥቁ በስተ ኋላ ባለው ጽኑ መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ በሚናደው ጎን ላይ ቆሞ መሆን የለበትም።

ሕጉ ቢያንስ መነሻ ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል፤ አሠሪው አደጋ መቃረቡን አውቆ ዝም ካለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መተው ይችላል። ችግሩ ካባ ውስጥ አሠሪውን ማግኘት ነው። መሬቱ የአንዱ፣ ፈቃዱ የሌላው፣ መኪናው የሦስተኛ ሰው፣ ጉልበቱ የቀን ሠራተኛው ይሆንና ግድግዳው ባለቤት ያጣል። ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ የስንጥቆቹ አቀማመጥ የተለካበት አንድ ገጽ ካርታና የደረጃዎቹ ቁመት ቢጠየቅ፣ ቁጥጥሩ የሚይዘው ነገር ያገኛል። በአፋፉ ላይ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ የአፈር ክምርና መኪና ከጠርዙ ማራቅ፣ ሁለት ቡድን አንዱ ከሌላው በላይ እንዳይሠራ መከልከል የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው።

ድንጋዩ አልቆ በተተወ ካባም ጉዳዩ አላበቃም። ግድግዳው ያለ ጠባቂ ይበሰብሳል፤ ጉድጓዱ በክረምት ውኃ ይሞላል፤ ሊዋኙ የገቡ ልጆች ይሰጥማሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ስለነዚህ ጉድጓዶች የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹና አዳዲስ ሰፈሮች ወደ ምሥራቅ በገፉ መጠን ትናንት ከሰው የራቀው ካባ ዛሬ የልጆች መንገድ ላይ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ናዳ ከወረደ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የወረደው የአፈር እንጂ የድንጋይ ናዳ አልነበረም፤ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ከነሱ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡና ሁለተኛው የደረሰባቸው ነበሩ። ኤልምም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ወንድሙ ድንጋይ ሥር ያለ ሰው ቁም ቢሉት አይቆምም፤ ስለዚህ ቦታውን የሚያዝ ሰው አስቀድሞ በካባው መታወቅ አለበት። ያ ሰው በመጀመሪያ ወደ 939 ያስደውላል፤ ስንት ሰው ሥራ ላይ እንደነበረ በስም ይቆጥራል፤ አንድ ሰው ከግድግዳው ከፍታ በሚበልጥ ርቀት ቆሞ ዓይኑን ከአፋፉ ሳይነቅል እንዲጠብቅ ያደርጋል። ጠጠር መውደቅ ከቀጠለ ማንም አይገባም። የሚገባም ካለ ከጎን፣ ጥቂት ሆኖ፣ መውጫውን አይቶ ነው የሚገባው፤ ጠባቂው ሲጮህ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።